ሰርቨሩ ገቢ ሆኗል

ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቨር ይህን ሁሉ መንገድ በአይሱዙ ተንገጫግጮ፣ በደሌን አልፎ፣ ዝናቡን ችሎ ሲደርስ የኢሉባቦር ቢሮ አቀባበሉን ያውቅበታል። ንብረት ክፍል ካርቶን ይቆጥራል፤ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ኃላፊው ይፈርማሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ንብረት ክፍል አጥብቆ የሚጠብቀው ሲዲውን ነው። ድሮ ኤችፒ ከሰርቨሮቹ ጋር «ስማርት ስታርት» የሚባል ሲዲ ይልክ ነበር፤ ዲስክ ማደራጀቱም፣ ድራይቨር መጫኑም በእሱ ነበር። ስለዚህ ያኔ ሲዲው ተቆልፎበት ይከርም ነበር፤ ባለ ቁልፉ ደግሞ ጎሬ ለቅሶ ሄዶ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው የኤችፒ ጄን 8 ሰርቨር ወዲህ ግን ያ ሁሉ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚመጣው፤ ሰርቨሩ ሲነሣ ኤፍ 10ን መጫን ብቻ ነው። ቢሆንም «ሲዲው ስለጎደለ ይተካልን» የሚል ደብዳቤ ወጪ ይሆናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ከሰርቨሩ ፊት የተንጠለጠለችውን ትንሽ ካርድ ግን የሚቆጥራት የለም። ሰርቨሩን ከርቀት የሚያስተዳድረው «አይሎ» የተባለው ክፍል የመጀመሪያ የይለፍ ቃሉ የታተመው እሷው ላይ ነው። ከካርቶኑ ጋር ትጣልና አይቲው ቆሻሻ ሲበረብር ይውላል።

ከዚያ ማሽኑ መጠየቅ ይጀምራል። የኛ ሰው መልሱ አንድ ነው፦ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። ጣቱ የሚቆመው ዲስኮቹ እንዴት ይጣመሩ የሚለው ሬይድ ላይ ሲደርስ ነው። ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ አለ እንበል። በሬይድ 1 አንዱ የሌላውን ግልባጭ ይይዛል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ።

«ታዲያ ስንት እንጠቀማለን?» ይላሉ ኃላፊው።

«አንድ ቴራ ነው ጋሼ።»

«የሁለት ከፍለን? ነገ ኦዲተር ሲመጣ ምን ልበል?»

የአይቲው ልጅ ምን ያድርግ፤ ሬይድ 0 ያደርግላቸዋል። ሁለቱም ቴራ ሳይሸራረፍ ይገኛል። አንዱ ዲስክ የተበላሸ ዕለት ግን የሁለቱም መረጃ አብሮ ይሄዳል። የሚገርመው፣ እኚሁ ኃላፊ አንዲት የስብሰባ ጥሪ እንኳ በሦስት ኮፒ ካልወጣች፣ አንዷም መዝገብ ቤት ካልገባች እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር መብራት ይጠፋል። ይህን አስቦ ለሰርቨሩ ዩፒኤስ የገዛ ሰው ይመስገን፤ ዩፒኤሱ ግን ጸሐፊዋ ክፍል ሆኖ የቢሮውን ስልክ ሁሉ ቻርጅ ያደርጋል። ሰርቨሩም ድርግም ይላል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ድርግም ይላል። ጥፋተኛው አይቲው ነው።

እባካችሁ፣ ካርዷን ሳትጥሉ ፎቶ አንሡ፤ ማሽኑ የሚጠይቃችሁን አንብባችሁ መልሱ፤ ለደብዳቤ ያልነፈጋችሁትን ኮፒ ለዲስኩም አትንፈጉት። ሞዴል 19 የሚመሰክረው ዕቃው መግባቱን እንጂ መሥራቱን አይደለም።