የዳለቻ ጆንያ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ትሉኝ ይሆናል፤ ይኼ ግን የአህያ በረት ነው። ከጳውሎስ ሆስፒታል ወረድ ብሎ በነበረ አንድ ወፍጮ ቤት አምስት አህዮች እህል ያመላልሱ ነበር። አለቃቸው ጋሽ በቅሎ ናቸው። አባታቸውን ሲጠየቁ «እናቴ ፈረስ ናት» ከማለታቸው በቀር ክፉ አይደሉም።

አንድ የሰኔ ጠዋት ከአህዮቹ አንዷ፣ ዳለቻ፣ ሳል ቀስፎ ይዟት፣ ጉልበቷ እየተብረከረከ ተነሣች።

«እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሏት ጋሽ በቅሎ። «አዋጅ አለልሽ፤ ተኚ።»

እውነታቸውን ነው። የሰዎቹ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይረፍ ይላል፤ የመጀመሪያውን 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩትን 3 ያለ ክፍያ። አህዮቹ «ደመወዝ» የሚለውን «ገብስ» ብለው እንዳለ ገልብጠውታል። የታመመችዋን ጆንያ ማን እንደሚሸከም ግን አዋጁ አልነገራቸውም።

እሱን ጋሽ በቅሎ ነገሯቸው። ለቀን ሌላ አህያ መቅጠር ገብስ ያስወጣል፤ ስለዚህ እህሉን ለአራቱ አካፈሉት። «ለእህታችሁ ነው» አሉ።

የመጀመሪያው ቀን ማታ አራቱም «ተሻለሽ ወይ?» አሏት። በሁለተኛው ቀን የሩፋኤልን ዳገት ሲወጡ የቀይዋ አህያ ገጣባ እንደገና ተከፈተ፤ ዝንቡ እስከ ማታ አልለቃትም። ያን ዕለትም «ተሻለሽ ወይ?» ብለዋታል፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀይዋ፣ «በሆስፒታሉ አጥር ሥር ሣር ስትግጥ አይቻታለሁ» አለች።

መጋጧስ ግጣለች፤ የታመመም ይበላል። እዚያው ሳለች አንድ ወጣት ከበሩ እየሳለ ወጣና በስልክ፣ «ወረቀቱንማ ጽፈውልኛል፤ ግን ፈረቃዬን የምትሸፍነው ያቺ ነፍሰ ጡር ናት፤ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ሲል ሰማችው። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተና ታክሲ ውስጥ ገባ።

በነጋታው ዳለቻ ጆንያዋ ሥር ቆማ ተገኘች። «አንበሳ!» አሏት አራቱ። ጋሽ በቅሎ «ገባሽ?» ብቻ ነው ያሉት። ከሰዓት በኋላ አምስቱም አፋቸውን አንድ ገንዳ ውስጥ ነክረው ጠጡ። ዳለቻ ሁለት ጊዜ ውኃው ላይ ሳለች።

ሳምንት ሳይሞላ የሁሉም ታናሽ እያቃሰተች ተነሣች። ዙሪያዋን ብታይ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ዳለቻ ግን ጠጋ አለቻት።

«ሳል እኮ ናት፤ ስትሠሪ ትለቅሻለች» አለችና በአፍንጫዋ ወደ ጆንያው ገፋ አደረገቻት።

ጋሽ በቅሎ በር ላይ ብቅ ሲሉ አምስቱም ተጭነው ተሰልፈዋል። «እግዜር ይማርሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ የሚሏትን ስላጡ መልሰው ገጠሙት።