አባባና የፊልሙ ቁማር

ቱክሲዶ የለበሰ ቁማርተኛ በዓይኑ ያየ ሰው ካለ እባካችሁ አሳዩኝ። እኔ የማውቃቸው ቁማርተኞች የለበሱትን ኮት ሳይቀር አስይዘው የተበሉ ናቸው። ቁማር ቤት ማለት ጢስ ያፈነው ጠባብ ክፍል ነው፤ «አንድ ዙር ብቻ» እያለ ኪሱን የሚዳብስ ሰው ነው፤ በር ላይ ቆማ ባሏን በስሙ የምትጠራ ሚስት ናት። ፊልም ሠሪዎቹ ግን ይህን ሁሉ አጥበው፣ ተኩሰው፣ ሽቶ ረጭተው ያቀርቡልናል። የልጅ ልጄ ደግሞ «አባባ፣ ይቺን ካላዩ ፊልም አዩ አይባልም» እያለ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ይከፍትብኛል።

«ካሲኖ ሮያል»ን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛውን ለማስላት ትዕግሥቱ የለኝም።) ኢያን ፍሌሚንግ በ1953 መጽሐፉን ሲያወጣ ሰላዩን ጄምስ ቦንድን ያስቀመጠው ባካራ የሚባል የካርታ ጨዋታ ላይ ነበር። በ2006 ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ግን ጊዜው የፖከር ነው ብለው ጨዋታውን ቴክሳስ ሆልደም አደረጉት። ይሁን። መግቢያው 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። እሱም ይሁን፣ ከቦንድ ኪስ አልወጣ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ነው የሚከፍለው። ያ ሁሉ ሲበላበት ደግሞ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሰው ይሞላለታል! እኛ የምናውቀው ቁማርተኛ ከገዛ ወንድሙ ለታክሲ እንኳ ለመበደር ስንት ታቦት ጠርቶ ይምል ነበር።

የመጨረሻው ዙር ላይማ ደሜ ይፈላል። አራት ሰዎች ያላቸውን ሁሉ ይገፋሉ። ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጉት የጋራ ካርታዎች ጋር ተደምሮ አንዱ አምስት ስፔድ ይዟል። ሁለተኛው ሦስት ስምንትና ሁለት አስ አለው። ለ ሺፍር የሚባለው፣ ዓይኑ ደም የሚያለቅሰው ክፉ ሰው፣ ሦስት አስና ሁለት ስድስት ይዘረጋል። ቦንድ ደግሞ ከአራት እስከ ስምንት ተከታትሎ፣ ሁሉም ስፔድ! ጠረጴዛው ላይ ያለው 115 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከ52 ካርታ አምስት ሲታደል ሊወጣ የሚችለው 2,598,960 ዓይነት ነው፤ በአንድ ምልክት ተከታትሎ የሚገጥመው፣ ስትሬት ፍላሽ የሚሉት፣ በአስ የሚያልቀውን ሳንቆጥር፣ 36 ብቻ። ሆልደም ከሰባት ካርታ አምስት ስለሚያስመርጥ ዕድሉ ይሰፋል፤ ሰፍቶም ከሦስት ሺህ አንዴ አይሞላም። እነዚህ ግን በአንድ ዙር አራቱም ተአምር ይዘው ተገኙ። እኔ የማውቀው ሰው በሁለት ሰባት ነው ቤቱን ያጣው።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። ቦንድ ጨዋታው መሀል ላይ ተመርዞ፣ መኪናው ውስጥ ልቡ ቆሞ፣ በኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ፣ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ፊልሙ እውነት ተናገረ። ከሞት ተነሥቶ ቤተሰቡ ዘንድ ሳይሆን ካርታው ዘንድ የሚሄድ ቁማርተኛ ብቻ ነው።

የ1965ቱ «ዘ ሲንሲናቲ ኪድ»ም መጨረሻው ላይ ያው ተአምር አለበት። ስቲቭ ማክዊን ሦስት አስና ሁለት አሥር ይዞ በኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን ስትሬት ፍላሽ ይበላል። ነገር ግን እዚያ ያሸነፈው ሽማግሌው ስለሆነ ስለ ስሌቱ ብዙ ማለት አልፈልግም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የ1998ቱ «ራውንደርስ» ነው። ማት ዴመን ኒውዮርክ ውስጥ ሕግ የሚማር ጎበዝ ልጅ ሆኖ ይጀምርና ገና ፊልሙ ሲከፈት 30,000 ዶላር ለአንድ ሩሲያዊ ወሮበላ ያስረክባል። ሩሲያዊው፣ ጆን ማልኮቪች፣ ካርታው ሲያምርለት ብስኩቱን ጆሮው ሥር ሰንጥቆ ይበላል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው በብስኩት ሲሳበቅበት ከዚህ ልጅ በቀር ያስተዋለ የለም! ይህንንም ልለፈው። ልጁ ዕዳ ሲያንቀው የሚሄደው ወደ ፕሮፌሰሩ ነው። ፕሮፌሰሩስ ምን አደረጉ? ገሠጹት? አባቱን ጠሩ? የለም፤ ለቁማር የሚሆን 10,000 ዶላር ቼክ ጻፉለት! የኔታ ቢሆኑ የሚሰጡት አለንጋ ነበር። በመጨረሻ ልጁ ሕጉን ጥሎ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ላስ ቬጋስ ሲያቀና የልጅ ልጄ አጨበጨበ። የልጅ ልጄ የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነው።

«ፊልም እኮ ነው፣ አባባ» ይለኛል። ፊልም ሆኖ ቢቀርማ መልካም ነበር! በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴኔሲ ሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የኢንተርኔት ውድድር ጀምሮ፣ የላስ ቬጋሱን የዓለም ፖከር ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ያን ዓመት በዋናው ውድድር የተሰለፈው 839 ሰው ነበር። በ2005 ደግሞ 5,619 ሆነ፤ መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነ ጨዋታ! አንዱ 7.5 ሚሊዮኑን ይዞ ሄደ። ከቀሩት 5,618 አብዛኞቹ ግን ባዶ እጃቸውን ነው ወደ ቤታቸው የገቡት። ለእነሱ ፊልም የሚሠራላቸው ጠፋ?

አንድ ሰው ብቻ ገብቶታል፤ ሮበርት አልትማን። በ1974 በሠራው «ካሊፎርኒያ ስፕሊት» ሁለት ጓደኛሞች ያላቸውን ለቃቅመው ወደ ቁማር ከተማዋ ሪኖ ይሄዳሉ። አንደኛው ያሸንፋል፣ ደጋግሞ ያሸንፋል፣ ገንዘቡ ይከመራል። ጓደኛው እየቆጠረ ሲፈነድቅ፣ አሸናፊው ምንም የተለየ ነገር አልተሰማኝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መርዝ የለም፣ ሽጉጥ አይተኮስም። እኔ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ የልጅ ልጄ ገና ከመሀሉ አንኮራፋ።

እናንተ የአገሬ ፊልም ሠሪዎች፣ ለዚህ ሪኖ ድረስ መሄድ አያሻችሁም። በየሰፈሩ የስፖርት ውርርድ ቤት ተከፍቷል፤ ወረቀቱን ጨብጦ፣ ስሙን እንኳ አስተካክሎ የማይጠራው የአውሮፓ ቡድን በባከነ ሰዓት ጎል ሲገባበት አብሮ የሚበላ ልጅ ሞልቷል። እሱን ሥሩልን። ትኬቴን ቆርጬ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ልጁን መጨረሻ ላይ ሚሊየነር ካደረጋችሁት ግን ብሬን ትመልሳላችሁ።