ኧረ ከመተየባችሁ በፊት!

ወር ባለቀ ቁጥር የምንሰቃይ ሰዎች አለን። ከየቅርንጫፉና ከየፕሮጀክቱ የሚላከውን ኤክሴል ተቀብለን አንድ ላይ የምናጠቃልለው እኛ ነን። ላኪው «ልኬያለሁ» ብሎ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ፋይሉን እንከፍታለን፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ የእኛ አይደለም።

መጀመሪያ የሚቀበለን ርዕሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ስምንት ኮለም መርጅ ተደርጎ፣ ከሥሩ የክፍሉ ስም፣ ከሥሩ ባዶ ረድፍ፣ ከሥሩ «የሥልጠና አበል ክፍያ» በቀይ፣ ከሥሩ እንደገና ባዶ ረድፍ። ዋናው ሰንጠረዥ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ይጀምራል። በወረዳ እንደርድረው ስንል፣ መርጅ የተደረጉት ሴሎች መጠናቸው እኩል ካልሆነ አይሆንም ይለናል። እሺ፣ እንፍታው። ስንፈታው «ወረዳ 05» የሚለው ጽሑፍ የላይኛው ሴል ላይ ብቻ ይቀራል፤ ከሥሩ የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ወረዳ የላቸውም። አንዳንዱማ መርጅ እንኳ አያደርግም፤ ወረዳውን አንዴ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ ሁለት ጭረት እያደረገ ይወርዳል። በወረቀት መዝገብ ላይ ይህ ያስኬድ ነበር፤ የሰው ዓይን ወደ ላይ ያያል። ኤክሴል ወደ ላይ አያይም። አንዱ ረድፍ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢወጣ እንኳ ስለማን፣ ስለየትኛው ወረዳ እንደሆነ መናገር አለበት። ያን ሁሉ መጻፍ ይደክማል እንዳትሉን፤ ሴሉን ኮፒ አድርጎ እስከ ታች ፔስት ማድረግ የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው።

ስም ላይ ደግሞ የምናየው አበሳ! አቶና ወይዘሮ ከስሙ ጋር አንድ ሴል ውስጥ ስለሚገቡ፣ በፊደል ተራ ሲደረደር አቶዎች ሁሉ በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። አቴንዳንሱ ላይ «ፀሐይ» የነበረችው ክፍያው ላይ «ጸሀይ» ትሆናለች። ስናነባት አንዲት ሴት ናት። ቪሉካፕ ግን የሚያመሳክረው ፊደል እንጂ ድምፅ አይደለም፤ የለችም ይለናል። ኃይሌም እንዲሁ፣ ሥላሴም እንዲሁ፣ ዓለሙም እንዲሁ። ከስሙ መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ ስፔስ ከተነካ ደግሞ ዓይናችን ቢፈስ አናገኘውም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት በየሺቱ ያው ቁጥር ቢከተለው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ቁጥሩም ያው ነው። በ09 የሚጀምረው ስልክ ዜሮውን ጥሎ በ9 ይጀምራል። በሁለት ዜሮ የሚጀምረው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከአሥር አሃዝ ወደ ስምንት ይወርዳል። ባለ13 አሃዙ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አጥሮ መጨረሻው ላይ «ኢ ፕላስ 12» ይሰካበታል፤ ያንኑ እንደታየ ሲኤስቪ አድርጎ የሚልክልን አለ፤ ያኔ የተደበቁት አሃዞች በቃ ሄዱ። ፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ባለ16 አሃዝ ቁጥር ደግሞ የባሰበት ነው። ኤክሴል በቁጥርነት ከ15 አሃዝ በላይ ስለማይዝ 16ኛውን ዜሮ ያደርገዋል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ። መድኃኒቱ ኮለሙን ቴክስት ማድረግ ነው፤ ግን ከመተየብ በፊት። ከተየቡ በኋላ ቢያደርጉት የጠፋው አይመለስም። ስልክን ከስልክ የሚደምር የለም፤ ታዲያ ለምን እንደ ብር ይጻፋል?

መደመር ያለበት ደግሞ አይደመርም። ባለፈው ሰኔ 30 በጀት ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት የአንድ ሥልጠና ክፍያ ድምር 4,500 ብር ጎደለን። ከወረቀቱ ጋር አመሳከርን። ሰው አልጎደለም። ደግመን ቆጠርን። ሰው አልጎደለም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንዲት ባልደረባችን ሰንጠረዡን በሙሉ መርጣ፣ አዘጋጁ ለውበት ብሎ ሁሉንም መሀል ላይ ያሰለፈበትን አነሳችው። ቁጥሮቹ ወደ ቀኝ ሄዱ። ሦስት ሴሎች ግን ግራ ላይ ቀሩ። ጠጋ ብለን አየናቸው፦ «1፣500»። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ስለተተየበ፣ በኮማው ቦታ የእኛው ነጠላ ሰረዝ ገብቷል። ኤክሴል ጽሑፍ ናቸው ብሎ ዘሏቸዋል። ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ስለሚያደርግ፣ ካልነካነው እንዲህ ያለው ስህተት ከሩቅ ይታያል። እባካችሁ መሀል ላይ አታሰልፉብን።

ቀኑን አታንሱት። 12/1/2017 ላኪው ዘንድ መስከረም 12 ነው፤ የኮምፒዩተሩ አቀማመጥ የአሜሪካ ከሆነ ዲሴምበር 1 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ብሎ 5/13/2017 ሲጽፍ ሜይ 13 ይሆንበታል። የካቲት 30 ብሎ 30/6/2017 ሲጽፍ ደግሞ ኤክሴል ጭራሽ ቀን ነው ብሎ አይቀበለውም፤ 30ኛ ወር የለውማ። ግማሹ የተሳሳተ ቀን፣ ግማሹ ተራ ጽሑፍ የሆነ ኮለም እንዴት ይደረደራል? ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ሦስት ኮለም ማድረግ ነበር።

ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 በእንግሊዝ 15,841 በኮቪድ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ቀርተዋል። ውጤቱ የተገለበጠበት የድሮው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይይዝም ነበር። ከእነዚያ ሰዎች ጋር የተገናኙት በጊዜ አልተፈለጉም።

ቀለሙስ? ቢጫ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የቀባው ነው፤ የቀባው ደግሞ ተዛውሯል። ደውለን «ወንድሜ፣ ቢጫዎቹ የተከፈላቸው ናቸው ወይስ ያልተከፈላቸው?» ስንለው «ኧረ ረሳሁት፣ ገንዘብ ያዧን ጠይቋት» ይለናል። «ሁኔታ» የሚል ኮለም ጨምሮ «ተከፍሏል»፣ «አልተከፈለም» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ይታተም ሲባል ደግሞ የፊርማው ኮለም ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወጣል። ስም በሌለበት ወረቀት ላይ ማን ይፈርማል?

ባለፈው ወር ከአንድ ቅርንጫፍ አንዲት ልጅ ደወለችልን። ገና ምንም አልተየበችም። «ጋሼ፣ ከዚህ ሰንጠረዥ የምታወጡት ምንድን ነው? ድምሩን በወረዳ ነው በጾታ የምትፈልጉት?» አለች። ሁለቱንም አልናት። ኮለሞቹን ወረቀት ላይ ጽፋ አንድ በአንድ አነበበችልን፤ አንዱን አስቀነስናት፣ አንዱን አስጨመርናት። ፋይሏ በማግስቱ መጣ። ርዕሱ ለብቻው ሺት ላይ፣ ሰንጠረዡ ከአንደኛው ረድፍ የሚጀምር፣ ዜሮዎቹ ሁሉ በየቦታቸው። ከምሳ በፊት ጨረስነው። እናንተም ደውሉልን። ሰኔ 30 ማታ እኛ ከምንደውልላችሁ፣ ከመጀመሪያው ሴል በፊት እናንተ ደውሉልን።