ጣሳውን ስቶ ጎረቤትን የመምታት ጥበብ

እሁድ ከሰዓት ነው፤ ባሌ ሮቤ ላይ። ቡናው በረካ ደርሷል፤ ስንዴው ጎተራ ገብቷል፤ ደመናው ከሳነቴ በኩል ገና አልወረደም። ጓሮህ ውስጥ፣ አጥሩ ላይ፣ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተቀምጧል። በእጅህ የአየር ጠመንጃ ይዘሃል። ከማን እንዳገኘኸው አልጠይቅህም። እኔ የምመክርህ ይህን የመሰለ ሰላማዊ ከሰዓት እንዴት አድርገህ ለሽማግሌ ጉዳይ እንደምታደርሰው ብቻ ነው። የሚከተሉትን ምክሮች ሳታዛባ ከፈጸምክ ጣሳው እንደ ቆመ ያመሻል፤ አንተ ግን ሽማግሌ ፊት ትቀመጣለህ።

አንደኛ፦ «አየር ብቻ ነው» በል

የሁሉም መሠረት ይህ ነው። ባሩድ የለውም፣ ጭስ የለውም፣ ድምፁም ከጥፊ አይበልጥም፤ ስለዚህ መሣሪያ አይደለም። የሚያነብ ልጅ መጥቶ «የኦስትሪያ ጦር እኮ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጂራንዶኒ የተባለ ሰው የሠራውን የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር፤ 20 ያህል አረር ይጎርሳል፤ ሰውም ይገድላል» ቢልህ፣ «ያ ድሮ ነው» በለው። «ሰደፉ ውስጥ ያለውን የአየር ማጠራቀሚያ ለመሙላት ወታደሩ 1,500 ጊዜ ያህል ይነፋ ነበር» ብሎ ቢቀጥል፣ «ታዲያ ምን ያስለፋዋል!» ብለህ ሳቅ።

ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚያነሳብህ ሰውም አይጠፋም። «እሱ ለክላሽ ነው» በለው። ፖሊስ ጣቢያ ጎራ ብሎ «ይህን ቤቴ ማስቀመጥ እችላለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ መገመት ግን ምንም አይፈጅም። ሂሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው።

ሁለተኛ፦ ሳጥኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ግዛ

ስትመርጥ ቃታው ለስላሳ ይሁን ሻካራ አትሞክር፤ ሰደፉ ትከሻህን ይግጠም አይግጠም አትይ፤ በርሜሉ ሲታጠፍና ሲዘጋ ይወላገድ እንደሆነ አትነቅንቀው። ፍጥነቱን ብቻ ጠይቅ። በሰከንድ 360 ሜትር ካለህ ዋጋ ሳትከራከር ክፈል።

ድምፅ ራሱ የሚጓዘው በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ግራም የምትመዝን የእርሳስ ጥይት ከድምፅ ጋር ስትፎካከር ትንገዳገዳለች፤ ጣሳውን ትታ ወደ ባሕር ዛፉ ታመራለች። የኦሊምፒክ ተኳሾች ይህን ስለሚያውቁ በሰከንድ 170 ሜትር ገደማ ይበቃናል ይላሉ። ርቀታቸው 10 ሜትር ነው። ዐሥር ነጥብ የምታሰጠው የዒላማው እምብርት ስፋቷ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በእስክሪብቶ ወረቀቱን አንዴ ነካ ብታደርገው የምትቀረውን ነቁጥ ታህላለች። ይህን ውድድር ከ1984ቱ (እ.ኤ.አ.) የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጀምሮ በዝግተኛ ጥይት ሲያካሂዱት ኖረዋል። ፈሪዎች ስለሆኑ ነው።

አንድ ሰው ደግሞ ያረጀ የጀርመን ዲያና ወይም ቫይራውክ ጠመንጃ ቢያቀርብልህ እንዳትነካው። አንዱ ፋብሪካ ከ1890፣ ሌላው ከ1899 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኖሩ ናቸው፤ ይህን ያህል ዘመን የቆየ ነገር ምኑ ዘመናዊ ነው?

ሦስተኛ፦ ደጋ መሆንህን እርሳ

ሞላ ያለው የአየር ጠመንጃ አሠራሩ ቀላል ነው። በርሜሉን ወደ ታች ስታጥፈው ሞላው ይጨመቃል። ቃታውን ስትስብ ሞላው ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር ያፍነዋል፤ የታፈነው አየር ጥይቱን ይተፋዋል። ያው አየር ለፒስተኑ ትራስም ነው፤ መጨረሻው ላይ ተቀብሎ ያሳርፈዋል።

ሮቤ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ጎባ ስትወጣ ደግሞ የባሰ ይሳሳል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ ከሦስት እጅ አንዱ የለም። ትራሱ ሲሳሳ ፒስተኑ ጭንቅላቱን ያጋጫል፤ ጥይቱም ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይደርስም። በሌላ በኩል ከበርሜል የወጣችው ጥይት የሚያዘገያት አየር ስለሚቀንስላት ደስ ይላታል። በአጭሩ፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ደጋ ላይ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ወረቀት ሰቅሎ፣ አሥር ጊዜ ተኩሶ፣ ቀዳዳዎቹ የት እንደተሰበሰቡ አይቶ። አንተ ግን አታስተካክል። ጠመንጃውን ስደብ።

«ሞላ አልፈልግም፣ የታመቀ አየር የሚይዘውን ነው የምፈልገው» ካልክ ደግሞ ያንድ ወዳጄን መንገድ ተከተል። ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ ጎሚስታ ቤት ሄደ። ጎሚስታው ቱቦውን ይዞ አፉን ቢያገላብጠው አልገጥም አለው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ስንት ነው የሚይዘው?»

«ሁለት መቶ።»

«ሁለት መቶ ምን?»

«ባር።»

ጎሚስታው አጠገቡ የተጋደመው የአይሱዙ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። የሱ ኮምፕረሰር ቢጥር ቢጥር 10 ባር ነው። ከዚያ ቆሞ የሚያይ አንድ አዋቂ «ብየዳ ቤት ኦክስጅን አለ አይደል?» ብሎ ጣቱን ቀሰረ።

እዚህ ላይ ፌዜን አንድ አፍታ ላቁም። ኦክስጅን በግፊት ከቅባት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ቦንብ ይሆናል። ጎሚስታው ራሱ ነው «እሱን እንኳ ተወው!» ብሎ የጮኸው። አሁን ወደ ፌዛችን እንመለስ።

አራተኛ፦ ቅባት አትሰስት

አያቶቻችን ምንሽርና አልቢናቸውን በቅቤ ያሹ ነበር፤ አንተ ከማን ታንሳለህ? የሞተር ዘይት ቢሆን የተሻለ ነው፤ በበርሜሉ በኩል አፍስሰው። ፒስተኑ አየሩን ባንድ ጊዜ ሲያፍነው አየሩ ይግላል፤ ዘይቱ እንደ ናፍጣ ሞተር ውስጡ ይቃጠላል። ጭስ ትወጣለች፣ ድምፁ ያምራል፣ ጎማ ማሸጊያው ይቀልጣል። ጥይት ሳታጎርስ ባዶውን መተኮስም አትርሳ፤ ሞላው በቶሎ እንዲሰበር ይረዳል። በርሜሉ ታጥፎ ሳለ ቃታውን በጣትህ ማጫወት ደግሞ ልዩ ጥቅም አለው፦ በርሜሉ እንደ ወጥመድ ተፈናጥሮ ሲዘጋ ጣትህን ቀርጥፎ ያስቀራል።

አምስተኛ፦ ጥይቱን በከንፈርህ ያዝ

ተኳሽ የሚመስለው እንደዚያ ነው። ጥይቱ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ ገብቶ የማይወጣ እንግዳ ነው፤ በተለይ በሕፃናት አእምሮ ላይ ይከፋል። ስለዚህ ተኩሰህ ስትጨርስ እጅህን ሳትታጠብ ጭኮው ቀርቦልህ ከሆነ በእጅህ ጠፍጥፈህ ብላ፤ ለልጁም አጉርሰው። ጥይቶቹን ደግሞ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስህ ውስጥ አንኳኳቸው። የጥይቷ ኋላ እንደ ቀሚስ የተዘረጋ ስስ ጠርዝ አለው፤ በርሜሉ ውስጥ ካለው ጥምዝ ጋር የሚገጥመው እሱ ነው። ቀሚሷ ከተጨማደደ ወዴት እንደምትሄድ አንተም እሷም አታውቁም።

ስድስተኛ፦ እንደ ጠላት ጨምቀህ ያዘው

ከአጥሩ ማዶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። በጉብዝናቸው ምንሽር ይዘዋል። አንድ እሁድ የእኔን ጩኸት ሰምተው መጡና የክብሪት ቀፎ አስቀምጥ አሉኝ፤ አሥራ ሦስት እርምጃ ላይ። ጠመንጃውን ከመንካታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁ፦ «ከወዲያ ማዶ ማነው?»

«ማንም የለም ጋሼ።»

«ሄደህ አይተሃል?»

አላየሁም ነበር። ሄጄ አይቼ መጣሁ። ከዚያ ጠመንጃውን የተኛ ሕፃን እንደሚታቀፍ አድርገው በግራ መዳፋቸው ላይ አሳረፉት። አልጨበጡትም። ትንፋሻቸውን ግማሽ አስወጡ፤ ቆሙ፤ ቃታዋን የሳቡበትን ቅጽበት እኔም አላየሁም። አምስት ተኩሰው አራቱን ቀፎው ላይ አሳረፉ። ከዚያ እግራቸው እየከበዳቸው ሄደው የፈለጉት የመቱትን አራቱን ሳይሆን የሳተችውን አምስተኛዋን ነበር። እስኪያገኟት አልተቀመጡም።

«እንዴት ያዙት ጋሼ?»

«ያዝኩት እንጂ አልታገልኩትም ልጄ።»

ምስጢሩ ይህ ነው። ሞላ ያለው ጠመንጃ ጥይቱ ከበርሜል ሳይወጣ በፊት ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይረግጣል። ለቀቅ ካደረግኸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አረጋገጥ ይረግጣል፤ ከጨመቅኸው እንደ ስሜትህ ይለዋወጣል። ለዚህ ርግጫ ያልተሠራ ርካሽ መነጽር ብትጭንበትም በጥቂት ቀን ውስጡ ይፈታል። አንተ ግን ጨምቀው፤ ጡንቻህ ይታይ። ስትስትም ጥይቱ የት እንዳረፈ አትፈልግ። ጥይት ሞልቷል።

ሰባተኛ፦ ነፋስን ናቅ

የሲናና ገበሬ ምርቱን በመንሽ ሲበትን ቀድሞ ነፋሱን ያደምጣል። ገለባው ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ነው የሚቆመው፤ ያለዚያ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። አሁን ኮምባይነር መጥቶ ይህን ትምህርት ብዙዎቻችንን አስረስቶናል። ግማሽ ግራም ጥይት ከገለባ ብዙም አትርቅም፤ ከሰዓት በኋላ በሜዳው የሚመጣው ነፋስ በሠላሳ ሜትር ላይ ጎኗን ገፋ አድርጎ ከጣሳው ያስወጣታል። ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ በአሥር ሜትር መተኮስ ለሰነፎች ነው።

ስምንተኛ፦ ከዒላማው ኋላ ያለውን አትይ

አሸዋ የተሞላ የማዳበሪያ ጆንያ ከጣሳው ኋላ ማቆም ሥራ ነው። ጆንያው ከጎተራ ኋላ ተጣጥፎ አለ፤ አሸዋውም ለቤት ሥራ ተራግፎ ደጅ አለ፤ ግን ማን ይሞላዋል? ጣሳውን አጥር ላይ ብቻ አስቀምጠው። ወይም ድንጋይ ላይ፤ ጥይቷ ነጥራ እንድትመለስና ጓሮህን እንድትጎበኝ። መከላከያ መነጽር ማድረግም አያስፈልግም፤ ዓይን እንደሆነ ሁለት ነው።

እኔ ይህን ምክር ከሁሉ አጥብቄ ፈጽሜዋለሁ። ጣሳዬ አጥር ላይ ነበረ፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የእኚያው የሽማግሌው ጎረቤቴ ቢጫ ጀሪካን። እሳቸው ምን ብለውኝ ነበር? «ሄደህ አይተሃል?» ብለውኝ ነበር። ጀሪካኑን በመታሁበት ቀን ግን አላየሁም።

ዘጠነኛ፦ ጣሳ ሲሰለችህ ነፍስ ያለው ፈልግ

አጥርህ ላይ ያ ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ ሲያርፍ ያምርሃል። በአፍሪካ ቀንድ እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ ወፍ ነው፤ ግን የአንተ አጥር ላይ እስካረፈ የአንተ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ስለሚባለው ነገር አትስማ። ወኔህ ከጨመረ ወደ ዲንሾ ወይም ወደ ሳነቴ ውጣ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ በመስከረም 2016 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ ጎልማሳ ነው፤ ከግማሽ በላዩም እዚሁ ባሌ። ፍልፈል ሲያድን ጉድጓድ አፍ ላይ ሳይነቃነቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንተ በአንድ እሁድ ካባከንከው ጥይት ሁሉ የበለጠ ትዕግሥት አለው። እንዲህ ያለ ተወዳዳሪ በአካባቢህ መኖሩ ሊያናድድህ ይገባል።

እንግዲህ ምክሬን ጨረስኩ። ሁሉን ፈጽመህ ጣሳውን ከመታህ ምክሬን በትክክል አልተከተልክም ማለት ነው፤ ከላይ እንደገና ጀምር። ሁሉን ገልብጠህ ከሠራኸው ግን አንድ ጆንያ አሸዋ፣ አሥር ሜትር፣ ነፋስ ያልነሳበት ጠዋት፣ የታጠበ እጅና ከአጥሩ ማዶ የታየ ሜዳ ይበቁሃል። እሱ ደግሞ ተድላ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አምስቱ ቀዳዳ ተሰብስቦ በአንድ ሳንቲም ሲሸፈን ሰው ልቡ ይረጋል።

እኔ የጀሪካኑን ከፍያለሁ። 20 ሊትር ነበር፤ ውሃው ጠዋት የተቀዳ። ሽማግሌው ገንዘቡን አልቀበልም ብለው ነበር፤ እንዲቀበሉኝ ሁለት ሰው ላክሁ። ጣሳው አጥሩ ላይ ሳይነካ ከርሞ ባለቤቴ ጤናዳም ልትተክልበት ወሰደችው። ውሃ የሚያወርድ ቀዳዳ ያስፈልገዋል ብላ ምስማርና ድንጋይ አነሳች።

በአንድ ምት በሳችው።