ስንት ይችላል ነው ያልነው!

ኦክላንድም ሆነ ሳን ሆዜ የምንኖር ሰዎች አገር ቤት ለመሄድ ሻንጣና ካርቶን ማሰር ስንጀምር ጣጣችን አንድ ነው። አየር መንገዶቹስ ይሁን፣ 23 ኪሎ ብለው ከጎኑ 50 ፓውንድ ይጽፉልናል። መከራው ያለው ፕላስተሩና መጠቅለያ ፕላስቲኩ ላይ ነው።

እስቲ ከመግዛታችሁ በፊት የጥንካሬውን ልክ አንብቡ። አንዱ ፕላስተር በኢንች 25 ፓውንድ ይላል። ሌላው በሴንቲሜትር 44 ኒውተን ይላል፤ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ለማወቅ 25ን በ1.75 ማባዛት የእናንተ ፋንታ ነው። ፕላስቲኩ ደግሞ በስኩዌር ኢንች 3,000 ፓውንድ ብሎ ቁጭ! ይህን አይቶ ፕላስተሩን የማይንቅ ማን አለ?

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ፕላስተር የሚለካው በወርዱ ነው። አንድ ኢንች ወርድ ያለው ቁራጭ ሲሳብ ስንት ፓውንድ ላይ ተበጠሰ ይባላል እንጂ ውፍረቱን የሚጠይቅ የለም። ለፕላስቲኩ ግን የበጠሰው ኃይል ለወርዱም ለውፍረቱም ይካፈላል። ስስ ነገር በስስነቱ ሲካፈል ቁጥሩ ያብጣል። ውፍረቱ 2 ሚል፣ ማለትም ሁለት ሺህኛ ኢንች ከሆነ፣ ያ ሁሉ 3,000 በአንድ ኢንች ወርድ 6 ፓውንድ ብቻ ይሆናል። የናቅነው ባለ 25 ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል።

ሚሉን ሚሊሜትር መስሎት የገዛም አይጠፋም። አንድ ሚል 25.4 ማይክሮን ነው፤ ከሚሊሜትር 40 ጊዜ ያህል ያንሳል። ይህም አልበቃ ብሎ መጠቅለያው በጌጅ ይሸጣል፤ 80 ጌጅ ሲሉን 0.8 ሚል፣ ማለትም 20 ማይክሮን ገደማ ማለታቸው ነው። የፕላስተሩ ውፍረት ሲነገርም ብዙ ጊዜ ሙጫው ተደምሮ ነው። ሙጫ ምን ይሸከማል?

ሙጫውን ካነሳን አይቀር፣ ካርቶናችን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ፕላስተሩ ተበጥሶ ሳይሆን ተላቆ ነው። የመጣበቅ ኃይሉ ደግሞ በአውንስ ይጻፋል። በኢንች 40 አውንስ ሲባል ከ25 ፓውንድ የሚበልጥ ይመስላል፤ ሲመነዘር ሁለት ተኩል ፓውንድ ነው። እሱም ቢሆን የሚለካው በተወለወለ የማይዝግ ብረት ላይ ተለጥፎ ነው። ለዘመድ የምንወስደውን ልብስና ጫማ በብረት ሣጥን የምናሽግ መሰላቸው እንዴ? እኛ የምንለጥፈው ጋራዥ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ በከረመ ካርቶን ላይ ነው!

ሕግ አውጪዎቹም ያው ናቸው። በ2016 የካሊፎርኒያ ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው የፌስታል ሕግ፣ ወፍራሙ ፌስታል 15 ሊትር ይያዝ፣ ውፍረቱ 2.25 ሚል ይሁን፣ 22 ፓውንድ ተሸክሞ 175 ጫማ ርቀት 125 ጊዜ ይሂድ ይል ነበር። ሊትር፣ ሚል፣ ፓውንድና ጫማ ለአንድ ፌስታል! በእኛ አቆጣጠር በ1999 የወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 513 ግን የፌስታሉን ውፍረት በ0.03 ሚሊሜትር ለይቶ ተናግሮ ጨረሰ። መከበሩን ተዉት፤ ቢያንስ ሲነበብ ይገባ ነበር።

አሜሪካ የሜትርን ውል በ1875 የፈረመች አገር ናት። እዚሁ ሳን ሆዜ ዙሪያ ያሉ መሐንዲሶች የኮምፒውተር ቺፕ በናኖሜትር ይነድፋሉ። ማታ ፕላስተር ሊገዙ ሲወጡ እነሱም እንደኛው ሚልና አውንስ ሲመነዝሩ ያመሻሉ።

ስለዚህ እናንተ ፕላስተርና ፕላስቲክ የምትሸጡ፣ ለሁለቱም በአንድ ኢንች ወርድ ስንት ፓውንድ እንደሚችል ጻፉልን፤ ካሻችሁ በኪሎ አድርጉት። ሙጫውንም ካርቶን ላይ ለክታችሁ ንገሩን። ስኩዌር ኢንቹን ለመሐንዲሶቻችሁ አስቀሩት።