ትዕግሥትዎን በማኅተም አስደግፈው ያቅርቡ

የመሥሪያ ቤቶቻችንን የሰው ሀብት ክፍሎች የሚያማ ሰው ውለታ ቢስ ነው። የቴሌግራም ግሩፕና የፌስቡክ ገጽ የሚያስተዳድር፣ ቀን ከሌት ከደንበኛ ጋር የሚነጋገር ሰው ሲፈልጉ የሚያወጡትን ማስታወቂያ እስቲ አንብቡት፦ «ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት፣ በማርኬቲንግ ወይም በተዛማጅ ሙያ የተመረቀ፤ 7 ዓመት ቀጥተኛ የሥራ ልምድ ያለው፤ የማስረጃውን ዋናና ፎቶ ኮፒ ይዞ በአካል የሚቀርብ።» የኢንተርኔት ሥራ ነውና በአካል መቅረቡ ግድ ነው።

«ታጋሽ፣ ትሁት፣ ጫናን የሚቋቋም» የምትለዋ የመጨረሻ መስመርስ? እሷ ለጌጥ ናት። አለካኳም ቀላል ነው፤ በቃለ መጠይቁ ቀን ከኮሚቴው አንዱ ስልኩን እየነካካ «ጫና መቋቋም ትችላለህ?» ይላል። አመልካቹ «እችላለሁ» ይላል። ሙሉ ነጥብ። «አልችልም፤ ሰው ሲሰድበኝ መልሼ እሳደባለሁ» ብሎ የወደቀ ስለሌለ አገሩ በታጋሾች ተጥለቅልቋል።

አይፈረድባቸውም፤ ሕጉም ከእነሱ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሚሰጠው ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈል የነበረውን ደመወዝ እንዲገልጽ ያዛል። ለሆደ ሰፊነት የተተወ ቦታ የለም። ያልተጻፈ ነገር ላይ ቲተር አያርፍም፤ ቲተር ያላረፈበትን ጠባይ ደግሞ ማን አምኖ ፋይል ውስጥ ያስገባል? አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ሰው ሀብት ሳይቋቋም ነው።

እናም ባለ 7 ዓመቱ ይቀጠራል። ዓመታቱ ያለቁት መጽሔት በማሳተም፣ ለስብሰባ ባነር በማሠራትና ሥራ አስኪያጁ ሪባን ሲቆርጡ ፎቶ በማንሣት ነው፤ ደብዳቤው ግን «ሕዝብ ግንኙነት» ስለሚል ልምዱ ቀጥተኛ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያስመሰክራል። «ብሬ ከተቆረጠ ሦስት ቀን ሆነው» ላለች ደንበኛ «ውድ ደንበኛችን፣ ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። በውስጥ መስመር ስትመጣ «ቅርንጫፍ ይቅረቡ» ይላታል። ደግማ ስትጽፍ ብሎክ። አባቱ የሞቱበት ሰው ሒሳባቸው እንዴት እንደሚዘጋ ሲጠይቅም ያንኑ ገልብጦ ይለጥፍለታል፦ ስለመረጡን እናመሰግናለን። የወሩ ሪፖርት ግን ንጹሕ ነው፤ «አሉታዊ አስተያየቶችን ማስወገድ ተችሏል።» እውነት ነው፤ ተናጋሪዎቹ ተወግደዋል።

ለዚሁ ሥራ አመልክታ ከበር የተመለሰች ልጅ ደግሞ አለች። በምትኖርበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ግሩፕ አድሚን ናት፤ ያለ ደመወዝ። ውኃ ጠፍቶ አንዱ ብሎክ ሌላውን ሲከስ፣ የጥበቃ መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ስም ይለጠፍ አይለጠፍ ተብሎ ጦር ሲማዘዙ፣ ዘር የሚነካ ቃል ሲወረወር ዝም ብላ ብሎክ አታደርግም። ስልክ ትደውላለች፤ ለትልቁ «ጋሼ» ብላ፣ ለእኩያዋ ቀልድ ጣል አድርጋ፣ ሁለቱንም ለየብቻ። ማን ተናድዶ በማግሥቱ እንደሚጸጸት፣ ማን ረጋ ብሎ ሆን ብሎ እንደሚያቀጣጥል ለይታ ታውቃለች። ፊተኛውን ትታገሠዋለች፤ ኋለኛውን ሳትሰድብ ታስወጣዋለች። (እኔ የዋሁ ልምድ ማለት ይኸው ይመስለኝ ነበር።) ነገር ግን ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራ ግብርም ማኅተምም የለውም። ስለዚህ ልምዷ 0 ዓመት ነው።

ዘመናዊ ነን የሚሉት መሥሪያ ቤቶች እንኳ አይሻሉም፤ እነሱ ጠባይ የሚለኩት በቲክቶክ ተከታይ ብዛት ነው። የሚያስቅ ሁሉ ሰው ይችላል ብለው ያምናሉ።

የባለ ደብዳቤው ሌላው በጎነት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣቱ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ሲችሉ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ዶርም በስልክ የተዛመተው ሌሊት ነበር፤ ባንኩ ኋላ የተናገረው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ሕዝብ እንዲህ ሳያስፈቅድ ከሥራ ሰዓት ውጪ መነጋገሩ ያሳፍራል።

አንዳንድ ነገረኞች ግን አያርፉም። ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እኮ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል ይላሉ። ለአመልካቾቹ ከገጹ የተወሰዱ አሥር የእውነት ቅሬታዎችን ስጧቸው፤ መልሳቸውን አንብቡ፤ ያለፈውን ደግሞ 60ውን ቀን ከሌሊት መልእክቶች ጋር እዩት ይላሉ። አደገኛ ሐሳብ ነው። እንዲህ ከተፈተነ የሚችል ሰው ሊያልፍ ነው፤ ያን ጊዜ የአቶ እገሌ የእህት ልጅ የት ይውደቅ?

ደግነቱ 60ው ቀን በሰላም አለፈ፤ ማንም አላየውም። በ61ኛው ባለ 7 ዓመቱ ትዕግሥቱ አልቆ ለአንድ ደንበኛ በድርጅቱ ስም «ሂድና ክሰስ!» ብሎ ጻፈ። ስክሪንሹቱ እስከ ማታ አገር አዳረሰ። ማኔጅመንቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ ከሦስት ሰዓት ውይይት በኋላ የችግሩን ምንጭ ደረሰበት፦ የልምድ ማነስ። አዲሱ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ 10 ዓመት።