ቀድሞ ጡረታ መውጣት ጥፋት ነው እንዴ?

ስለ ጡረተኛ ሲነሳ ከንፈር የማይመጥ የለም። ከንፈር መምጠጥ ግን ዘይት አይገዛም። እዚህ ወሎ ውስጥ ሐራ ገበያ ወጥቶ፣ የጤፉንም የሽንኩርቱንም ዋጋ ጠያይቆ፣ ኪሱን ዳብሶ የሚመለስ ጡረተኛ መምህር የሚያንገበግበው ማጣቱ ብቻ አይደለም። ማጣትማ ከማን ጋር ተጣልቶ ያውቃል! የሚያንገበግበው አብሮት ያስተማረው ባልደረባው፣ በአንድ ደረጃ አንድ ዓይነት ደመወዝ ሲቀበል የኖረው፣ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ ስለወጣ ብቻ ከእሱ አብልጦ መውሰዱ ነው። አንዱ ትጉህ ሌላው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አንዱ ቀድሞ ስለተወለደ ነው።

ስሌቱ ምስጢር የለውም። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ዕድሜው 60 ሲሞላ የመጨረሻ 3 ዓመት ደመወዙ አማካይ ይወጣና ከዚያ 30 በመቶ ይያዝለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እዚህ ጣሪያ ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል፤ ማለትም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ ሰው ብቻ ነው የሚነካው። 35 ዓመት ያስተማረ መምህር 61.25 በመቶ ይደርሰዋል። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ከነበረ አበሉ 4,900 ብር ሆኖ ይጀምራል። እሱ ከሞተ ለባለቤቱ የሚተርፋት የዚህ ግማሽ፣ 2,450 ብር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። መንግሥትም ኑሮ መክበዱን አይቶ ዝቅተኛውን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም ጀምሮ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አደረገ። እሰየው፤ ሠራተኛው ይገባዋል፣ እንዲያውም ሲያንሰው ነው። በ2016 ዓ.ም ጡረታ የወጣው መምህር ስሌት ግን በአሮጌው ደመወዝ እንደተቸነከረ ቀረ። የ35 ዓመት ልፋት ያመጣለት 4,900 ብር ዛሬ ገና ሥራ ከጀመረ የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ያንሳል። ኋላ የሚመጣ ጭማሪ ቢኖርም የሚታከለው በዚያው ባነሰው ላይ ነው።

ዘግይቶ የሚወጣውም ቢሆን ደስታው ሙሉ አይደለም። የሚታየው የ3 ዓመት አማካይ ስለሆነ በ2018 ዓ.ም መጨረሻ የሚወጣው ከ2018ቱ አዲስ ደመወዝ የሚቆጠርለት አንድ ዓመቱ ብቻ ነው። ሙሉ ጥቅሙ የሚደርሰው በ2021 ዓ.ም ለሚወጣው ነው። እስከዚያ ደግሞ ገበያው ማንን ይጠብቃል?

“ፈንዱ እንዳይናጋ ነው” ይሉናል። እሺ፣ አይናጋ። ግን የማን ፈንድ ነው? ሠራተኛው በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ አዋጥቷል፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት 11 በመቶ ጨምሮበታል። ይህ ገንዘብ ለረጅም ዘመን የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛበት የኖረ ሲሆን፣ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ አጠገብ የሚደርስ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ 30 በመቶን ሲሻገር የተቀማጩ ዋጋ ምን ያህል እንደሟሸሸ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። በዚያው ዓመት የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና 1268/2014 ፈንዱ ወደ ሌላ ኢንቨስትመንት እንዲገባ በር ከፍተዋል። ይግባ፤ ትርፉ ግን ለባለ ገንዘቡ ይድረስ። በብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት፣ ከደመወዝ ዕድገትና ከ2.5 በመቶ ከሦስቱ በበለጠው ልክ ይጨምራል። እኛ ሀብታም አይደለንምና ያንኑ ያህል አምጡ አንልም። ጭማሪው መቼ እንደሚመጣ ከወሬ ሳይሆን ከሕግ እንድናውቅ ግን ድህነት አይከለክለንም።

የገንዘቡ ማነስ ሳያንስ ገንዘቡን ማግኘቱ ራሱ ሥራ ሆኗል። ወር በገባ ሰሞን ባንክ በር ላይ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ “ሲስተም የለም” የተባለ ሽማግሌ መርሳም አለ፣ ወልድያም አለ። ልጅቷ ከመስኮቱ ወዲያ ሆና “አብሽሩ አባባ፣ ከሰዓት ይሞክሩ” ትላለች። እሷ ምን ታድርግ! ስልሳ ሰባ ዓመት አንድ ሰው ሆኖ የኖረ ደግሞ በወረቀት ሲታይ ሦስት ሰው ይሆናል፤ የቅጥር ደብዳቤው ላይ ሙሐመድ፣ የጡረታ መታወቂያው ላይ መሐመድ፣ የፋይዳ መታወቂያው ላይ ሞሐመድ። የወሎ ሰው በዚህ ስም ስንት ደጅ ጠንቷል! አስተካክሉልኝ ሲል ፋይልህን አምጣ ይባላል። ወልድያና መርሳ በ2013 እና 2014 ዓ.ም በሰሜኑ ጦርነት ወራት ያዩትን ዝርፊያና ውድመት የሚያውቅ ሰው “ፋይልህን አምጣ” ሲባል ምን ይመልስ? ፋይሉን ያስቀመጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የጠፋው መሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ ነው፤ የሚጠየቀው ሽማግሌው ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛማ ወደ ጡረታ ሥርዓቱ የገባው ገና በ2003 ዓ.ም ነው። ወደ ሐራ ገበያ በተጀመረው የባቡር ሐዲድ ግንባታ ስንቱ የአካባቢያችን ልጅ ሠርቷል! ባቡሩም አልመጣ፣ ሥራውም አልቀጠለ። አራትና አምስት ዓመት መዋጮ ከፍሎ ሌላ ቋሚ ሥራ ያላገኘ ልጅ፣ 10 ዓመት ስላልሞላ ወርኃዊ አበል የለውም፤ ዕድሜው ሲደርስ የሚጠብቀው አንዴ የሚሰጥ ዳረጎት ነው። በዛሬ ብር የተቆረጠ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚከፈል ዳረጎት! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ዕድሜ ልኩን ማሽላና ጤፍ ሲያመርት የኖረው የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ደግሞ ከነጭራሹ የለበትም። ሲደክም ልጅ ይጦረዋል፤ ሲሞት ቅሬው ይቀብረዋል። ኬንያ 70 ዓመት ለሞላቸው ሽማግሌዎች፣ መዋጮ ሳትጠይቅ፣ በወር 2,000 ሽልንግ መስጠት ጀምራለች። ሩቅ አገር አይደለችም፤ ጎረቤት ናት።

እንግዲህ የምንለው ብዙ አይደለም። የደመወዝ ስኬል ሲሻሻል ቀድሞ የወጣውም ጡረተኛ አበል በያዘው ደረጃና ባገለገለው ዘመን በአዲሱ ስኬል እንደገና ይሰላ። በአንድ ጊዜ ካልተቻለ፣ ዝቅተኛ አበል ካላቸውና ዕድሜያቸው ከገፋው ይጀመር። ዓመታዊ ማስተካከያው በአዋጅ ይጻፍ። ለጠፋ ፋይል መሥሪያ ቤቱ ይጠየቅ፤ የስም ፊደል ልዩነትም በቀበሌ ምስክር ይለቅ። የጡረታ አበል ችሮታ አይደለም፤ ወር በወር ተቆርጦ የተቀመጠ የሠራተኛ ላብ ነው። ዛሬ ይህን ደንብ የምታወጡትም ነገ 60 ይሞላችኋልና፣ ለእኛ ባታዝኑ ለራሳችሁ አስቡበት።